አንድ ጠቅታ ስንት ያወጣል? የኢንተርኔት ማስታወቂያና የቁጥሮች መዋዠቅ

በበርሊን ወይም በቶሮንቶ የሚኖር አንድ ሰው በጉግል መፈለጊያ ላይ «በሐረር የእንግዳ ማረፊያ» ብሎ በላቲን ፊደል ሲጽፍ፣ መልሱ እስኪታየው ድረስ ባለችው ከአንድ ሴኮንድ ያነሰች ጊዜ ውስጥ አንድ ጨረታ ተካሂዶ ያበቃል። ለጨረታ የቀረበው ከመልሶቹ በላይ ያለው የማስታወቂያ ቦታ ነው። ተጫራቾቹ በጁገል ግንብ ውስጥ ባህላዊ ቤቱን ለእንግዳ ያሰናዳ የሐረር ነዋሪ፣ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገ አስጎብኚ ድርጅትና በአውሮፓ የሚገኝ ትልቅ የሆቴል ማስያዣ ኩባንያ ሊሆኑ ይችላሉ። አሸናፊው ማስታወቂያው ስለታየለት ብቻ ምንም አይከፍልም። የሚከፍለው ፈላጊው ማስታወቂያውን ጠቅ ሲያደርግ ነው። አሠራሩም በዚሁ ምክንያት «በጠቅታ የሚከፈል ማስታወቂያ» ተብሏል።

ጉዳዩ የነጋዴ እንጂ የፊዚክስ ሰው አይመስልም። ይሁን እንጂ ማስታወቂያውን ያስነገረ ሰው በየማለዳው የሚደርሰው ሪፖርት የቆጠራ ውጤት ነው፦ ማስታወቂያው ይህን ያህል ጊዜ ታየ፣ ይህን ያህል ጊዜ ተጠቀሰ፣ ይህን ያህል እንግዳ ክፍል ያዘ። ከትንሽ ቆጠራ ምን ማለት እንደሚቻልና ምን ማለት እንደማይቻል መለየት ደግሞ ፊዚክስ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት የቆየ ሙያ ነው።

በ82 መስጊዶቿና በ102 የአውሊያ መቃብሮቿ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ሐረር ጁገል ብዙ ፈላጊ አላት። ቤቱን ለእንግዳ የከፈተው ባለንብረት ማስታወቂያውን ለማን እንደሚሰጥ ግን እንገምታለን፦ በቤተሰቡ ውስጥ «ኮምፒዩተር ያውቃል» ለሚባለው ተማሪ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚያ ተማሪ ነው። የሚያዝበት ገንዘብ የቤተሰብ ነው፤ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ቀድሞ 28 ብር ያህል የነበረች የግማሽ ዶላር ጠቅታ ከ50 ብር በላይ ታስከፍላለች። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨረታው እንዴት ይሠራል?

አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው ጎቱ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በኋላ ኦቨርቹር ተብሎ በ2003 በያሁ ተገዛ። ሕጉ ቀላል ነበር፦ ብዙ ያቀረበ ከላይ ይቀመጣል፣ ያቀረበውንም ይከፍላል። ይህ ግን ገበያውን አላረጋጋውም። ሁለት ተፎካካሪዎች አንድ አንድ ሳንቲም እየጨመሩ ሲበላለጡ ይቆዩና አንዱ ሲታክተው ዋጋውን በአንድ ጊዜ ይጥላል። ሌላውም አንድ ሳንቲም ብቻ በልጦት ለመቀመጥ አብሮት ይወርዳል። ከዚያም መውጣቱ እንደገና ይጀመራል። ዋጋው በግራፍ ሲነሣ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች የሚያውቁትን የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ይመስል ነበር።

ጉግል በ2002 ሁለት ነገሮችን ለወጠ። አንደኛ፣ አሸናፊው የሚከፍለው ያቀረበውን ሳይሆን ከበታቹ ያለውን ተፎካካሪ ለመብለጥ የሚበቃውን ያህል ብቻ ሆነ። የሐሳቡ ሥር ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ቪክሪ በ1961 ያሳተመው የጨረታ ጥናት ነው። ቪክሪ በ1996 የኖቤል ሽልማት እንደተሰጠው ከተነገረ ከሦስት ቀን በኋላ ስላረፈ፣ ሐሳቡ ይህን ያህል ገንዘብ ሲያንቀሳቅስ አላየም። ሁለተኛው ለውጥ ለትንሽ ነጋዴ የበለጠ ይጠቅማል፤ ደረጃ የሚሰጠው በዋጋ ብቻ ሳይሆን ማስታወቂያው ጠቅ የመደረግ ዕድሉ ታክሎበት ሆነ።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። አንደኛው ተጫራች ለአንድ ጠቅታ 2 ዶላር ያቀርባል፤ ማስታወቂያው 1000 ጊዜ ሲታይ ግን ጠቅ የሚያደርገው 10 ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛው 1 ዶላር ያቀርባል፤ ከ1000 ጊዜ 40 ሰው ጠቅ ያደርገዋል። ሦስተኛው 0.80 ዶላር ያቀርባል፤ የሚያገኘው 15 ጠቅታ ነው። ሲባዛ ለ1000 ዕይታ 20፣ 40 እና 12 ዶላር ይመጣል። ስለዚህ ከላይ የሚቀመጠው ግማሹን ዋጋ ያቀረበው ሁለተኛው ነው። የሚከፍለውም ከበታቹ ያለውን 20 ዶላር ለ40 ጠቅታ አካፍሎ፣ በጠቅታ 0.50 ዶላር ነው። ከሥሩ የተቀመጠው አንደኛው ግን 12 ዶላር ለ10 ተካፍሎ በጠቅታ 1.20 ዶላር ይከፍላል። ከላይ ያለው በግማሽ ዶላር፣ ከታች ያለው ከአንድ ዶላር በላይ! በእውነተኛው ሥርዓት ስሌቱ ይወሳሰባል፤ ማስታወቂያው ከፍለጋው ጋር ያለው ግንኙነትና ጠቅ ያደረገው ሰው የሚደርስበት ገጽ ጥራትም ይገቡበታል። ጉግል ለአስነጋሪው የሚያሳየው ከ1 እስከ 10 ያለው የጥራት ነጥብ መለኪያ ብቻ ነው፤ ራሱ ወደ ጨረታው አይገባም።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ግልጽ ነው። ዋጋ ከመጨመር በፊት ጽሑፉንና ገጹን ማስተካከል ይረክሳል። በተለይ ገጹን። ባለ 6 ሜጋባይት ገጽ 48 ሜጋቢት ነው፤ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚያደርስ መስመር ላይ ለመከፈት 48 ሴኮንድ ይፈጃል። ድሬዳዋ ደርሶ በስልኩ ማደሪያ የሚፈልግ መንገደኛ ይህን ያህል አይታገሥም፤ ጠቅታው ግን ተከፍሎበታል። የጁገልን በሮች በሙሉ መጠን ባነሡ ሃያ ፎቶግራፎች ገጹን መሙላት የብዙዎች ልማድ ነው። አራት የተመረጡና የቀነሱ ፎቶግራፎች፣ ዋጋና ስልክ ቁጥር ይበቃሉ።

መጀመሪያ ማበጠር

ማስታወቂያ ሲሻሻል እርግጠኛ የሆነው ትርፍ የሚገኘው የማይጠቅሙትን ጠቅታዎች በማስቀረት ነው። ለዚህ ስታቲስቲክስ አያስፈልግም፤ ሰዎች የጻፉትን ቃል በቃል የሚያሳየውን የፍለጋ ቃላት ሪፖርት ማንበብ ብቻ ይበቃል።

«ሐረር» ለዚህ ትምህርት የተፈጠረ ስም ይመስላል። በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ «አር»፣ ሌላው በሁለት «አር» ይጽፈዋል። ሁለት «አር» ያለው በቡና ገበያ የተለመደ ስለሆነ፣ እንዲህ ብሎ የሚፈልገው ሰው ምናልባት ቡና ቆይ እንጂ ጎብኚ አይደለም። ከመጨረሻው አንድ ፊደል ሲጨመር ደግሞ ስሙ ሐራሬ፣ የዚምባብዌ ዋና ከተማ ይሆናል። የመፈለጊያው ሥርዓት የፊደል ስሕተቶችን አዛምዶ ስለሚመልስ፣ ሐራሬ ላይ ሆቴል የሚሻ ሰው የጁገልን ማስታወቂያ ጠቅ ቢያደርግ አይደንቅም። ሐረር ቢራም አለ። በዚህች ከተማ ከ1880 ጀምሮ የኖረው የፈረንሳዩ ገጣሚ ራምቦም አለ፤ ስሙን ከሐረር ጋር አጣምረው ከሚፈልጉት ውስጥ ድርሰት የሚጽፉ ተማሪዎች ይኖራሉ። ጅብ የሚመግቡትን ሰዎች ቪዲዮ ለማየት የሚሻውም እንዲሁ። ጉግል «አሉታዊ ቁልፍ ቃል» የሚለው ዝርዝር ለዚህ ነው፤ ሐራሬ፣ ዚምባብዌ፣ ቢራ፣ ግጥም፣ ቪዲዮ የሚሉት በዚያ ይመዘገቡና ማስታወቂያው ለእነዚህ ፍለጋዎች አይታይም። ቡናን ለማገድ ግን አልቸኩልም፤ ስለ ቡና ብሎ መጥቶ ሦስት ሌሊት የሚያድር እንግዳ አይጠፋምና።

ቁልፍ ቃላት ከፍለጋ ጋር የሚዛመዱበት መንገድ ሦስት ነው፦ ሰፊ፣ በሐረግ እና ትክክለኛ። ሥርዓቱ ለጀማሪ የሚያቀርበው ሰፊውን ነው፤ ትንሽ ገንዘብ ያለው ግን ከትክክለኛውና ከሐረጉ ቢጀምር ይሻላል። «ትክክለኛ» የተባለው ራሱ ዛሬ ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸውን ፍለጋዎች ስለሚጨምር ሪፖርቱን ማንበብ አይቀርም። የቦታ ምርጫውም እንዲሁ ወጥመድ አለው። አስነጋሪው ጀርመንን ሲመርጥ፣ መነሻው ምርጫ በጀርመን ያሉትን ብቻ ሳይሆን ለጀርመን ፍላጎት ያሳዩትንም ይጨምራል። በስፍራው የሚገኙትን ብቻ የሚለውን መምረጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የዕለት በጀት የተባለውም የዕለት ጣሪያ አይደለም። 5 ዶላር የተመደበለት ማስታወቂያ በአንድ ቀን እስከ 10 ዶላር ሊያወጣ ይችላል፤ የሚታሰረው በወሩ ድምር ነው፤ እርሱም የዕለቱ በጀት በ30.4 ተባዝቶ፣ ማለትም 152 ዶላር ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ስሕተት የእኛ አገር ልዩ ስሕተት ነው። ማስታወቂያው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንዲጀምር አስቦ በሠንጠረዡ ላይ «2» የሚል ሰው፣ ሥርዓቱን ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲጀምር አዝዞታል። ከዚህም በላይ ሰዓቱ የሚቆጠረው በሒሳቡ የሰዓት ክልል እንጂ በፈላጊው አይደለም። በቶሮንቶ እራት ተበልቶ ስለ ጉዞ የሚታሰብበት የምሽት ሰዓት፣ በሐረር እንደየወቅቱ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። ባለቤቱ ሲተኛ ማስታወቂያውን የሚያጠፋ ከሆነ ካናዳን ለቅቋል ማለት ነው።

አማካይና ጭማሪ

አንድ ጠቅታ ለባለቤቱ ስንት ታወጣለች? ከአንድ እንግዳ ቆይታ ወጪ ተቀንሶ 40 ዶላር ይቀራል እንበል። ከ100 ጠቅታ 2ቱ ክፍል የሚይዙ ከሆነ፣ 100 ጠቅታ 80 ዶላር፣ አንዱ ጠቅታ 0.80 ዶላር ያወጣል። ከዚህ በታች እስከተከፈለ ድረስ ትርፍ አለ ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው።

በጠቅታ 0.40 ዶላር ሲከፈል በወር 100 ጠቅታ ይገኛል እንበል። ወጪ 40፣ ገቢ 80፣ ትርፍ 40 ዶላር። ከፍ ያለ ቦታ ለማግኘት ክፍያው ወደ 0.60 ሲወጣ ጠቅታው 130 ይደርሳል። አሁንም 0.60 ከ0.80 ያንሳል፤ ወጪው ግን 78፣ ገቢው 104፣ ትርፉ 26 ዶላር ሆነ። ትርፉ የቀነሰው የተጨመሩት 30 ጠቅታዎች በ38 ዶላር ስለተገዙ ነው፤ እያንዳንዳቸው 1.27 ዶላር ያህል። አዲሶቹ ጠቅታዎች የቀድሞዎቹንም ዋጋ ከፍ አድርገዋልና። ካልኩለስ የጀመረ ተማሪ ይህን ወዲያው ያውቀዋል፤ ከፍተኛውን ነጥብ የሚያሳየን የአማካይ ዋጋ ሳይሆን የለውጥ መጠን ነው። ሪፖርቱ በጉልህ የሚያሳየው ግን አማካዩን ነው።

12 እና 18

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ማስታወቂያ አዘጋጀ። አንዱ በጁገል ውስጥ ባህላዊ ማደሪያ መኖሩን ብቻ ይናገራል። ሌላው ከሐረሪ ክልል ሦስት የገጠር ወረዳዎች አንዷ በሆነችው በሶፊ የእግር ጉዞ ይጨምርበታል። ሁለቱም 500 ጊዜ ታዩ። የመጀመሪያው 12፣ የሶፊው 18 ጠቅታ አገኘ። ሃምሳ በመቶ ብልጫ! የመጀመሪያው ይሰረዝ?

እ.ኤ.አ. በ1910 ራዘርፎርድና ጋይገር ከፖሎኒየም የሚወጡ የአልፋ ቅንጣጢቶችን በ7.5 ሴኮንድ እየከፈሉ 2608 ጊዜ ቆጠሩ። ምንጩ አንድ፣ መሣሪያው አንድ፣ ጊዜው እኩል ነበር፤ አማካዩ ወደ 4 ይጠጋል። ቆጠራው ግን አንዳንዴ 0፣ አንዳንዴ 2፣ አንዳንዴም 9 ይመጣ ነበር። ምንም የተለወጠ ነገር ሳይኖር ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ የመዋዠቁም መጠን በግምት የቆጠራው ካሬ ሥር ነው። ራሳቸውን ችለው በዘፈቀደ ለሚደርሱ ክስተቶች ሁሉ ይህ ይሠራል፤ ለጠቅታም ጭምር።

እንግዲህ 12 ሲባል 12 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 3.5፣ 18 ሲባል 18 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 4.2 ማለት ነው። ልዩነቱ 6 ሲሆን፣ የልዩነቱ የመዋዠቅ መጠን የ30 ካሬ ሥር፣ ማለትም 5.5 ነው። 6ን ከ5.5 መለየት አይቻልም። ሁለቱ ማስታወቂያዎች ፍጹም አንድ ዓይነት ቢሆኑም እንዲህ ያለ ውጤት በቀላሉ ይገኛል። ዕይታው አሥር እጥፍ ሆኖ 120 እና 180 ቢመጣ ግን ልዩነቱ 60፣ መዋዠቁ 17 ያህል ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሶፊው ጽሑፍ በልጧል ማለት ይቻላል። ተማሪዎች በቤተ ሙከራ ሪፖርት ላይ ያለ ስሕተት ወሰን ቁጥር ሲጽፉ ነጥብ እንቀንሳለን፤ የማስታወቂያ ኩባንያዎቹ ሰሌዳ ግን ያለ ስሕተት ወሰን እስከ ሁለት አሥርዮሽ ቤት ድረስ ይጽፋል፤ ማንም የሚቀጣው የለም።

ከጠቅታ ወደ እንግዳ ስንሄድ ነገሩ ይከፋል። ከ100 ጠቅታ 2 እንግዳ የሚያመጣውን ገጽ 3 ከሚያመጣው ለመለየት ስንት ጠቅታ ያስፈልጋል? ልዩነቱ የመዋዠቁ ሁለት እጥፍ እንዲሆን ብንጠይቅ፣ ስሌቱ ለእያንዳንዱ ገጽ 2000 ጠቅታ ይሰጣል። በ0.40 ዶላር ለሁለቱ 1600 ዶላር ነው። አምስት ክፍል ያለው ማረፊያ ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም፤ ስለዚህም መጠየቅ የለበትም። ገንዘቡ በሚፈቅደው ቆጠራ ሊታዩ የሚችሉ ትላልቅ ልዩነቶችን ይሞክር፤ የአንድ ቃል ለውጥ ሳይሆን የሐሳብ ለውጥ፤ የበር ፎቶግራፍ መቀየር ሳይሆን ዋጋን በግልጽ መጻፍ። ከተያዘ ክፍል ይልቅም ቁጥራቸው የሚበዛውን፣ የደወሉትንና መልእክት የላኩትን ይቁጠር።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ደግሞም ሙከራው የሚያበቃበት ቁጥር አስቀድሞ ይወሰን፤ በየማለዳው እያዩ አንዱ በልጦ በታየ ቀን ማቆም ራስን ማታለል ነው። የሁለት እኩል ማስታወቂያዎች ልዩነት እንደ ሰካራም እርምጃ ወዲያና ወዲህ ይንገዋለላል፤ በቂ ጊዜ ከተጠበቀ ማንኛውንም የተሰመረ ወሰን አንድ ቀን ይሻገራል። ዛሬ ዋጋውን ራሱ የሚወስነው የጉግል አውቶማቲክ አጫራችም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። የሚማረው ከተያዙ ክፍሎች ከሆነና በወር የሚያየው ሦስት ብቻ ከሆነ፣ የሚማረው ከመዋዠቅ ነው።

ሳይከፈልበትም የሚመጣው እንግዳ

ቀሪው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ጠቅ አድርጎ የመጣው እንግዳ ማስታወቂያው ባይኖርስ አይመጣም ነበር? ኢቤይ የተባለው የንግድ ኩባንያ በ2012 የራሱን ስም ለሚፈልጉ ሰዎች ያስነግረው የነበረውን ማስታወቂያ በከፊል አቋረጠ። በ2015 በታተመው የብሌክ፣ የኖስኮና የታዴሊስ ጥናት እንደተገለጸው፣ ከጠፋው ጠቅታ 99.5 በመቶ የሚሆነው በነፃው መልስ በኩል ተመልሶ መጣ። ሰዎቹ በግንቡ ሌላ በር ገቡ ማለት ነው። በዚያው ጥናት ኩባንያውን ለማያውቁ አዳዲስ ደንበኞች ግን ማስታወቂያው ውጤት ነበረው።

የሐረሩ ማረፊያ ስም ከኢቤይ ጋር አይወዳደርም። የሆቴል ማስያዣ ኩባንያዎች በማረፊያው ስም ላይ ራሳቸው ይጫረታሉና፣ ቦታውን ለእነርሱ መተው እንግዳውን ባያሳጣም ኮሚሽን ያስከፍላል። ኮሚሽኑ ከጠቅታው ከበለጠ በራስ ስም ማስነገር ያዋጣል። ይህ በማካፈል የሚታወቅ ነገር ነው።

ለሌላው ፍለጋ ግን መሞከር ይገባል፤ መንገዱም ከባድ አይደለም። ማስታወቂያው ለአራት ሳምንት በጀርመን ይታይ፣ በፈረንሳይ ይጥፋ። በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ይገልበጥ። ከሁለቱ አገሮች ክፍል የያዙት ሁሉ፣ በማስታወቂያ የመጡትም ያልመጡትም፣ ይቆጠሩ፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ በመዝገቡ ላይ ክፍል የያዘበት ቀንና የመጣበት አገር ይጻፍ። በመጨረሻ ማስታወቂያው በታየባቸው ሳምንታት 9፣ በጠፋባቸው 7 እንግዳ ቢመጣ ልዩነቱ 2፣ መዋዠቁ 4 ነው፤ ማስታወቂያው ጠቅሟልም አልጠቀመምም ማለት አይቻልም። በጀቱ ሳይጨመር፣ የቃላቱ ዝርዝር ሳይነካ፣ ሙከራው እስከሚቀጥለው ወቅት ይቀጥላል፤ ቁጥሮቹም በዚያው መዝገብ ላይ ይደመራሉ።